ከስትሮክ በኋላ ክራር መደርደር ይቻላል?

ላምበረት ቤታቸው እየሄድኩ ፊዚዮቴራፒ የምሠራላቸው አባት መጀመሪያ የጠየቁኝ «ክራሬን መቼ ነው የምይዘው?» ብለው ነው። ሐኪም ከፈቀደ፣ ዛሬውኑ፤ ግን በልክ።

ስትሮክ የሚጎዳው ጣትን ሳይሆን ጣትን የሚያዘውን አንጎል ነው። አንጎል በድግግሞሽ አዲስ መንገድ ያበጃል፤ የሚወዱትን ነገር ደግሞ ሳይሰለቹ ይደጋግሙታል።

✅ ክራሩን በትራስ ደግፉ፤ የዛለው ክንድ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ።
✅ ግራ እጅ ከዛለ በአንድ ጣት፣ በአንድ ክር ይጀመር። ቀኙ ከሆነ መምቻውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት።
✅ ለጅምሩ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሲደክም ማረፍ ነው።
✅ መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዝፈን ይችላል፤ አብራችሁት አንጎራጉሩ።

❌ የዛለውን ክንድ ጎትታችሁ አታንሱ፤ ትከሻን ይጎዳል።
❌ የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥ።

እንደ ድሮው ካልሆነ መልኩን መቀየርም ያስኬዳል። አበበ ቢቂላ፣ ሕመሙ ስትሮክ ባይሆንም፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ሲሳነው በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል።

ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ በድንገት ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ 907 ደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል።