ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ የፎቶ ሶፍትዌር ለምን ይዘጋል?

የሠርግ ሥራ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ላይ የሚበዛው በጥር ወር እና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሲሆን፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በጎፋ የሚሠሩ ባለሙያዎችም በእነዚህ ጊዜያት እጅግ ብዙ ፎቶዎችን መርጠው፣ ቀለማቸውን አስተካክለውና በአልበም ገጾች ላይ አደራጅተው በተቆረጠው ቀን ለሙሽሮች ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል። የሥራው ዋና መሣሪያ ላፕቶፕ በሆነበት ቤት ፎቶሾፕ ወይም ላይትሩም ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋ፣ ስክሪኑ ሲጠቁር ወይም ፎቶው በባለ ቀለም መስመሮች ሲቆራረጥ፣ የሚባክነው ሰዓት ብቻ ሳይሆን የደንበኛው አመኔታም ጭምር ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ፈጥነው የሚወስዱት መፍትሔ ላፕቶፑን «ፎርማት ማድረግ»፣ ማለትም በዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ እርምጃ ግን የብልሽቱን ምንጭ የሚጠቁመውን መረጃ አብሮ ስለሚደመስስና መንስኤው ሙቀት ወይም የራም (የጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እጥረት ከሆነ ምንም ስለማይፈይድ፣ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ሊታሰብ ይገባዋል።

የብልሽቱን ባሕርይ ለመረዳት በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍፍል ማወቅ ይጠቅማል። ሲፒዩ የሚባለው ዋናው ፕሮሰሰር የልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ትእዛዝ ሲያስተናግድ፣ ጂፒዩ የሚባለው የግራፊክስ ፕሮሰሰር ደግሞ ፒክስል የሚባሉትን የምስል ነጥቦች በብዛትና በአንድ ጊዜ ያሰላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ ለረጅም ጊዜ በሲፒዩ ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶን የማጉላትና የማዞር፣ ቀስ በቀስም ከባድ ማጣሪያዎችን የማስላት ሥራ ለጂፒዩ እየሰጠ መጥቷል። በዊንዶውስና በጂፒዩ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ሶፍትዌር ድራይቨር ይባላል፤ ድራይቨሩ ያረጀ፣ የተበላሸ ወይም ለላፕቶፑ ሞዴል ያልተዘጋጀ ከሆነ፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ ፎቶሾፕ ሊዘጋ ይችላል። ዊንዶውስም ጂፒዩው በ2 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ምላሽ ሳይሰጥ ሲቀር ድራይቨሩን እንደገና ስለሚያስነሳው፣ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ጂፒዩውን ይጠቀም የነበረው ፕሮግራም ሊዘጋ ይችላል።

ሌላው መንስኤ የራም እጥረት ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ ፎቶ 6,000 በ4,000 ፒክስል ሲሆን፣ በካርዱ ላይ ታምቆ ጥቂት ቦታ ቢይዝም በፎቶሾፕ ሲከፈት 72 ሜጋባይት፣ በ16 ቢት ጥራት ሲሠራ ደግሞ 144 ሜጋባይት ይሆናል። ሌየር የሚባሉት ተደራቢ ገጾች አሥር ሲደርሱ፣ ይኸው አንድ ፋይል ብቻ ከ1.4 ጊጋባይት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ለአሁኖቹ የፎቶሾፕ እትሞች ዝቅተኛው ራም 8 ጊጋባይት፣ የሚመከረው ደግሞ 16 ጊጋባይት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ራሙ ሲሞላ ሶፍትዌሩ የዲስኩን ባዶ ቦታ እንደ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይጠቀማል፤ ይህም ስክራች ዲስክ ይባላል፤ ዲስኩ ባልተነሡ የቀድሞ ሥራዎች ከተጨናነቀ ሥራው በዚያው ይቆማል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ጂፒዩው የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ተቆርሶ ስለሆነ እጥረቱ ይብሳል።

የአካባቢው ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም፣ የሚያሳልፈው አየር ስስ ስለሆነ የሚያስወግደው ሙቀት ያነሰ ነው። በበጋ የሚነሣው የመንገድና የግንባታ አቧራ የአየር መውጫውን ሲደፍነው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም በእርጅና ሲደርቅ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከገደቡ ካለፈም ላፕቶፑ ይጠፋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ የጂፒዩውን አቅም ስለሚቀንሱና ያረጀ ባትሪም ከባድ ሥራን ስለማይሸከም፣ በዚያ ሰዓት ትላልቅ ፋይሎችን ኤክስፖርት ማድረግ አይመከርም።

ምርመራው ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ በመገልበጥ ይጀምራል፤ ላፕቶፕ ሊተካ ይችላል፣ ያለፈ ሠርግ ግን ዳግመኛ አይነሣም። ቀጥሎ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር» ከፍቶ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ቀን እንደወደቀ መመልከት ያስፈልጋል፤ በ«ኢቨንት ቪወር» መዝገብ ላይ 4101 የሚል ቁጥር ከታየ ምላሽ መስጠት ያቆመው የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ከዚያም በፎቶሾፕ የ«ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ጂፒዩ የመጠቀም ምርጫውን አጥፍቶ መሥራት ወሳኝ ፈተና ነው። ብልሽቱ በዚህ ከቆመ ጥርጣሬው በድራይቨሩና በጂፒዩው ላይ ስለሚያርፍ፣ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ወይም ከጂፒዩው አምራች ድረ ገጽ አውርዶ ማደስ ይገባል፤ ችግሩ የጀመረው ከዝመና በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀድሞው መመለስ ይሻላል። ብልሽቱ ከቀጠለ ኮንትሮል፣ አልት እና ሺፍት የሚባሉትን ቁልፎች ፎቶሾፕ ሲከፈት አብሮ ተጭኖ ቅንብሩን እንደ አዲስ ማስጀመር፣ የስክራች ዲስኩን ቦታ ማስፋትና ራሙን በ«ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» መፈተሽ ይከተላል። ፎቶውን የሚቆራርጡት ባለ ቀለም መስመሮች ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊትም የሚታዩ ከሆነ ብልሽቱ የሃርድዌር ነው፤ ላፕቶፑን ከውጭ ሞኒተር ጋር አገናኝቶ በሞኒተሩ ላይ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው የላፕቶፑ ስክሪን ወይም ኬብሉ ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ግድ ነው፤ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ተቀይሮ ችግሩ ቢጠፋ፣ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበረ አይታወቅም።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር ለብቻው መታየት አለበት። እንዲህ ያለው ቅጂ ፋይሎቹ ስለተነካኩና የአምራቹን እርማቶች በአግባቡ ስለማይቀበል ለመዘጋት የተጋለጠ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ይገባል። ፈቃድ መግዛት ላልቻለ ባለሙያ በነጻና በሕጋዊ መንገድ የሚገኙት ጂምፕ እና ዳርክቴብል ለቀለም እርማትም ሆነ ለሪተች በቂ አቅም አላቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የምንዛሬ ዋጋ በእጅጉ ስለቀነሰ፣ ከውጭ የሚገባን ላፕቶፕ መተካት ለአነስተኛ ፎቶ ቤት ከባድ ወጪ ሆኗል። ስለሆነም ባለሙያዎች ፎቶን በሁለት ቦታ የማስቀመጥ፣ አቧራን በየጊዜው የማስጠረግና ብልሽት ሲያጋጥም የታየውን ምልክት ከነሰዓቱ የመመዝገብ ልማድ ሊያዳብሩ ይገባል፤ ጠጋኞችም ደንበኛው ፋይሎቹን መገልበጡን ሳያረጋግጡና መንስኤውን ሳይለዩ ፎርማት ባያደርጉ የሙያቸውን ክብር ይጠብቃሉ።