የቆየ ጀልባ ስለ መጠገን

በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች ከእንጨት የተሠራ ሳምቡክ ለዓሣ አጥማጁ፤ ለደጋው ገበሬ ጥንድ በሬ እንደ ሆነው ያለ ሀብት ነው። ጀልባው ውሃ ማስገባት የጀመረበት ሰው ግን ከሠራተኞቹ አንዱን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያስጨልፍ ይውላል፤ ማዕበል በተነሣም ጊዜ ሁሉም ለሞት ይጋለጣሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው የሚገባበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ በአንዱ በኩል ገብቶ የጎድኑን እንጨት ተከትሎ በመውረድ በሌላ በኩል ይንጠባጠባልና። ስለዚህ ጀልባው ገና በባሕር ላይ ሳለ ውስጡን አድርቆ፤ እርጥበቱ መጀመሪያ የታየበትን በጠመኔ ማመልከት፤ ከዚያም ወደ የብስ መጎተት ይገባል።

አሮጌው ጥጥ ከሳንቆቹ መጋጠሚያ ተጠራርጎ ከወጣ በኋላ፤ በዘይት የተነከረ አዲስ ጥጥ ተገምዶ በጠፍጣፋ ብረትና በእንጨት መዶሻ ይጠቀጠቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አብዝተው በማጥበቅ ነው። በፀሐይ የደረቀ ሳንቃ ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፤ ጥጡም ከልክ በላይ ከታጨቀ ሳንቃው መስፊያ አጥቶ ሚስማሩን ይነቅላል። የተጠገነው ጀልባ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ውሃ ቢያስገባ አያስደነግጥም። ስንጥቁን ከውስጥ በሲሚንቶ መድፈን ግን፤ ርካሽ ቢመስልም፤ እርጥበቱን በእንጨቱ ውስጥ አፍኖ ማስቀመጥ ነው።

ከውሃ በታች የሚውለው አካል በሞራ የተለወሰ ኖራ ይቀባል፤ ይህም የቆየ ልማድ እንጨት የሚበላውን የባሕር ትል ይከላከላል። ፍጥረቱ ትል ይባል እንጂ ከዛጎል ለባሾች ወገን ነው። እጅግ ጥቃቅን በሆነ ቀዳዳ ገብቶ በውስጥ ስለሚያድግ፤ ላዩ ደኅና የሚመስል ሳንቃ በመዶሻ ሲመታ የባዶ ዕቃ ድምፅ ይሰጣል።

የላዩን ወለል በይበልጥ የሚያበሰብሰው የባሕሩ ጨው ሳይሆን የዝናብ ውሃ ነው። በጠረፉ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ደጋው በጋ በሚሆንበት፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፤ ጥገናው ከዚያ አስቀድሞ ቢፈጸም ይመረጣል። በቢላዋ ጫፍ ሲወጋ የሚለሰልሰው ሳንቃ ሁሉ ይነሣል፤ በብስባሹ ላይ አዲስ መደረብ ብስባሹን ማዛመት ነው። የሚሸከሙትም አግዳሚዎች አብረው ይመረመራሉ። አዲሱ ሳንቃ በሚገባ የደረቀና ውፍረቱ ከጎረቤቱ የተካከለ ይሁን። የብረትና የመዳብ ሚስማር ባንድነት አይመታበት፤ በጨው ውሃ ሲጎራበቱ ብረቱ ፈጥኖ ይበላልና።

ሥራው ሲያልቅ ከዝቅተኛው ጫፍ ተጀምሮ በየመጋጠሚያው ውሃ እየፈሰሰ፤ አንድ ሰው ከወለሉ በታች ሆኖ ይመለከታል።