ሂዩሚክ ንጥረ ነገሮች፦ በነዳጅ የታፈነ አፈር የሚታከምበት ጥቁር ፈሳሽ

ነዳጅ የፈሰሰበት መሬት ዝናብ ቢዘንብለትም አይረጥብም። ዘይቱ የአፈሩን ቅንጣቶች ስለሚሸፍናቸው ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ላይ ላዩን እየተንከባለለ ይወርዳል። አየርም መግቢያ ያጣል። ዘር ቢዘሩበት ወይ አይበቅልም፣ ወይ ቀጭጮ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የመርዝ ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው። መርዝ በእርግጥ አለበት፤ ነገር ግን ጥማቱና መታፈኑ ከመርዙ አያንሱም፤ ረሃብም ይጨመርበታል። ድፍድፍ ነዳጅ ከክብደቱ 83 እስከ 87 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ሲሆን ናይትሮጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 በመቶ በታች ነው። ያን ሁሉ ካርቦን ለመብላት የተነሡ ባክቴሪያዎች አፈሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለራሳቸው ይሻሙበታል፤ ለተክሉ የሚተርፍ የለም።

አዎን፣ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከውጭ መምጣትም አያስፈልጋቸውም። ሱዶሞናስ፣ ሮዶኮከስና አሲኔቶባክተር የተባሉት ወገኖች በብዙ አፈር ውስጥ በጥቂቱ ይኖራሉ፤ ምግቡ ሲመጣላቸው ይራባሉ። እንደ ሰንሰለት የተዘረጉትን የነዳጅ ሞለኪውሎች ቶሎ ይጨርሷቸዋል። የሚያስቸግሯቸው በርካታ የካርቦን ቀለበቶች የተጣበቁባቸው ፖሊአሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች ናቸው፤ ካንሰር አምጪው ቤንዞፓይሪን አንዱ ነው። እነዚህ በውሃ አይሟሙም፤ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ባክቴሪያው ደግሞ የሚበላው ውሃ ውስጥ የደረሰለትን ነው። እንግዲህ በላተኛውም አለ፣ ምግቡም አለ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ሂዩሚክ ንጥረ ነገሮች የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው።

ሂዩሚክ ንጥረ ነገሮች ቅጠል፣ ሥር፣ ፍግና የሞቱ ተሕዋስያን በስብሰው ሲያበቁ የሚቀሩት ጠይም፣ በቀላሉ የማይፈርሱ ነገሮች ናቸው። በጫካ ወለል ላይ፣ ዓመት ዓመቱን ፍግ በሚደፋበት የእንሰት ጓሮ ውስጥ፣ በደንብ በበሰለ ኮምፖስት ውስጥ ይገኛሉ። ለገበያ የሚመረተው ግን በአብዛኛው ከረግረግ ሥር ከሚቆፈረው ፒትና ሊግናይት ከሚባለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል ነው፤ በተለይም አየር አግኝቶ ከተለወጠው ሊግናይት፣ ከሊዮናርዳይት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ የአፈር ጥቁረት ሁሉ የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም። የእኛ ዋልካ መሬት ጥቁር ነው፤ ብስባሹ ግን ብዙ ጊዜ ከመልኩ ያነሰ ነው።

ሂዩሚክ ንጥረ ነገሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፒት ለይተው ያወጡት ጀርመናዊው ኬሚስት ፍራንዝ ካርል አካርድ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1786 ነበር። ኋላ ሹገር ቢት ከሚባለው ሥር ስኳር የሚያመርት ፋብሪካ በማቋቋም የታወቁት እኚሁ ሰው ናቸው። አካርድ ፒቱን በአልካሊ ዘፈዘፉት፤ ጠቁሮ በወጣው ፈሳሽ ላይ አሲድ ሲጨምሩበት ጥቁር አተላ ሆኖ ዘቀጠ። ዛሬም ሥራው ከዚህ ብዙ አልራቀም። በአልካሊ ሟሙቶ በአሲድ የሚዘቅጠው ሂዩሚክ አሲድ ይባላል፤ በሁለቱም ሟሙቶ የሚቀረው ፉልቪክ አሲድ ነው፤ በየትኛውም የማይሟሟው ሂዩሚን ነው። በከረጢት ተሞልቶ የሚሸጠው ሂዩሜት ሂዩሚክ አሲዱ ከፖታሲየም ወይም ከሶዲየም ጋር ተዋህዶ በውሃ የሚሟሟ ጨው የሆነው ነው።

በአፈር ሳይንቲስቶች መካከል ክርክር አለ። ዮሐንስ ሌማንና ማርከስ ክሌበር እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ እነዚህ ነገሮች በዚህ መልካቸው አፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ሳይሆኑ አልካሊው ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል፤ በእነርሱ አመለካከት አፈሩ ውስጥ ያለው በየደረጃው እየፈረሰ የሚሄድ የብስባሽ ቅሪት ነው። ለአፈር ተፈጥሮ ጥናት ክርክሩ ከባድ ነው። ለጽዳቱ ሥራ ግን በበርሜል የተቀዳው ፈሳሽ ከየትም ይምጣ፣ ዋናው በዘይቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

የሚሠራውም እንዲህ ነው። የሂዩሚክ አሲድ አካል ከፊሉ ውሃ የሚወድ፣ ከፊሉ ከውሃ ሸሽቶ ቅባት የሚጠጋ ነው። ስለዚህ እንደ ሳሙና ቅባቱን በአንድ ወገን ይዞ በሌላው ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ የነበረው ሞለኪውልም ባክቴሪያው ሊደርስበት ወደሚችልበት ውሃ ይሳባል።

ይህን በደንብ ያሳየው ከሰሜን ጣሊያን፣ ከቼንጂዮ የመጣ አፈር ነው። በቼንጂዮ፣ በቦርሚዳ ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1882 የዲናማይት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ኋላም አክና የሚባል የቀለም ኬሚካል ፋብሪካ ሆነ። ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻውን ወንዙና መሬቱ ላይ ደፋ። ከታች ያሉት የሸለቆው ነዋሪዎች ረጅም ትግል አድርገዋል፤ ፋብሪካው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በተወሰደ እጅግ የተበከለ አፈር ላይ ፔሌግሪኖ ኮንቴ፣ አሌሳንድሮ ፒኮሎና ባልደረቦቻቸው የሂዩሚክ አሲድ እጥበትን ኤስዲኤስና ትሪተን ኤክስ-100 ከሚባሉ ሰው ሠራሽ ማጽጃዎች ጋር አወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ውጤት ሁሉም ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳየ፤ ብክለቱን እስከ 90 በመቶ ማንሣት ተችሏል። ልዩነቱ ከእጥበቱ በኋላ ነው፦ ሂዩሚክ አሲዱ የተሕዋስያኑን እንቅስቃሴ ያበረታታል፤ ሰው ሠራሾቹ ይህን አያደርጉም። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አፈርን አጥቦ ሙት ማድረግ ጽዳት አይባልም።

ሂዩሚክ አሲድ ሌላም ጥቅም አለው። ቅንጣቶችን አያይዞ አፈሩን ያፍረከርከዋል፤ ውሃና አየር ይገባሉ። ዴሬክ ላቭሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ሲያቃጥሉ የሚተርፋቸውን ኤሌክትሮን ለሂዩሚክ ንጥረ ነገሮች ያስረክባሉ፤ በኦክስጅን ፈንታ ይተነፍሱበታል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ። ሂዩሚክ አሲድ መርዙን ወደ ውሃ የማውጣትን ያህል አጥብቆ የመያዝ ጠባይም አለው። የተያዘው መርዝ ተክሉንና ትሉን አይጎዳም ይሆናል፤ አፈሩም የዳነ ይመስላል። ነገር ግን መያዝ ሌላ ነው፣ መጥፋት ሌላ። ስለዚህ ጽዳቱ ተጠናቀቀ የሚል ሁሉ ሁለት ነገር ሊያሳይ ይገባል፦ ምን ያህል ሃይድሮካርቦን እንደቀረ፣ እና በዚያ አፈር ላይ ዘር መብቀሉን፣ የምድር ትል መኖሩን። በላቦራቶሪም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከአፈሩ ተጨምቆ የሚወጣው ነገር በሲሊካ ጄል ካልተጣራ የተፈጥሮ ብስባሹ ራሱ እንደ ነዳጅ ሊቆጠር ይችላል። ኮምፖስትና ሂዩሜት በተጨመረበት መሬት ላይ ይህ ስሕተት ቁጥሩን ያዛባል፤ የለፋውን ሰው ያልሠራ ያስመስለዋል።

ሂዩሜት ብቻውንም አይበቃም። ማዳበሪያ አይደለም፤ የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለብቻው መጨመር አለበት። የተቆፈረው አፈር ይከመራል፣ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ይደባለቃል፣ ሂዩሜቱ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭበታል፣ አየር እንዲያገኝ እየተገለበጠ እርጥበቱ ይጠበቃል። ሥራው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋል፤ በብርድ ወቅት ይቆማል ማለት ይቻላል። የሶዲየም ሂዩሜት ለሸክላማ አፈር አይመከርም፤ ሶዲየም ሸክላውን በትኖ መልሶ ይደፍነዋል። ለዋልካ የፖታሲየሙ ይሻላል።

ጥልቀቱም ወሳኝ ነው። በናይጄሪያ ኦጎኒላንድ ኩባንያዎች መሬቱን ላይ ላዩን እያረሱና ማዳበሪያ እየበተኑ ነዳጁ በራሱ እንዲበሰብስ ይተዉት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ብክለቱ በብዙ ቦታ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ዘልቆ አገኘው፤ አካባቢው ሙሉ በሙሉ ለማገገም ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድበት እንደሚችልም ገመተ። ከላይ የተረጨ ሂዩሜት እዚያ ጥልቀት አይደርስም። ቆፍሮ ማውጣት፣ ወይም በጉድጓድ ማስገባት ግድ ይላል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

አገራችን ኢትዮጵያ ነዳጇን ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። የእኛ ብክለት እንደ ኦጎኒላንድ አይደለም፤ የተበታተነ ነው። ቦቴ የተገለበጠበት የመንገድ ዳር፣ የማደያ ግቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት የተደፋበት የጋራዥ መሬት። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ እንደ ዚንክና እርሳስ ያሉ ብረቶች አሉ፤ እነዚህን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ሂዩሚክ አሲድ ሊይዛቸው ይችላል፤ በቀላሉ የሚሟሟው ፉልቪክ አሲድ ግን ከነብረቱ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከግቢው አጠገብ የውሃ ጉድጓድ ካለ ከመርጨት በፊት ውሃው መመርመር አለበት።

የሂዩሜት ጥሬ ዕቃስ? ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ የሊግናይት ክምችት መኖሩን ጂኦሎጂስቶች ያውቁታል። ለዚህ ሥራ ይሆን እንደሆነ የሚታወቀው በሂዩሚክ አሲዱ መጠንና በውስጡ ባለው የብረት ዓይነት ነው፤ ምርመራው የአፈር ላቦራቶሪ ሊሠራው የሚችል ነው። እስከዚያው ድረስ በአንድ የጋራዥ ግቢ ሙከራ ለመጀመር በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ አካፋ፣ የፕላስቲክ ሸራና ከመጀመሪያው ቀን የተወሰደ የአፈር ናሙና ይበቃሉ።