ኮምፒዩተር «የተጠራውን ሞጁል አጣሁ» ባለ ጊዜ የሚደረገው

ፓይተን የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የሆላንድ ሰው ጊዶ ቫን ሮሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ይህን ቋንቋ የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጠው፥ በኢምፖርት ቃል አንድ ሞጁል ጠርቶ የስሕተት ጽሕፈት በመጣበት ጊዜ ነው። መሣሪያውን ያበላሸ መስሎት እጁን ይሰበስባል፤ መምህሩም ነገሩን ካላወቀ ተማሪው በከንቱ ይወቀሳል።

ሞጁል ማለት ሌላ ሰው ወይም ተማሪው ራሱ አስቀድሞ ጽፎ በፋይል ያኖረው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ኢምፖርት ማለትም «ያን አምጣልኝ» ማለት ነው። ፓይተን ሲፈልግ እንደ ደብተራ ነው፤ መጽሐፉን አስቀድሞ በገዛ ማኅደሩ ያያል፥ ካጣው ወደ ዕቃ ቤት ይሄዳል። ይኸውም፥ በውስጡ የተሠሩት ጥቂቶች ሳይቆጠሩ፥ በፊት የሚሠራው ጽሑፍ ባለበት ማኅደር፥ ቀጥሎ ከፓይተን ጋራ በመጡት፥ በመጨረሻም በኋላ በተጫኑት ሞጁሎች መካከል ይፈልጋል። በፊተኛው ስፍራ ካገኘ ወደ ኋለኛው አይሻገርም።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተማሪው ዕጣ የሚያወጣ ጽሑፍ ጽፎ ፋይሉን «ራንደም» ብሎ ይሰይማል፤ በውስጡም ራንደም የተባለውን ሞጁል ይጠራል። ፓይተንም የተማሪውን ፋይል በማኅደሩ አግኝቶ ያመጣለታል፤ የተፈለገው ትእዛዝ ግን በዚያ የለም። እኔም በዚሁ ሁለት ቀን ደክሜአለሁ፤ ፓይተንን አጥፍቼ እንደገና እስከ መጫን ደርሼ ነበር፥ ጥፋቱ ግን የስም ብቻ ነበረ። ፋይሉን በሌላ ስም መሰየም ይበቃል።

የስሕተቱ ጽሕፈት ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ ይነበብ። «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» ቢል ሞጁሉ ፈጽሞ አልተገኘም። «ካናት ኢምፖርት ኔም» ቢል ግን ሞጁሉ ተገኝቷል፥ ከውስጡ የተፈለገው ስም ነው የታጣው።

ሞጁሉ ካልተገኘ አስቀድሞ ፊደሉ ይመርመር። በእኛ ፊደል ታላቅና ታናሽ የለም፤ በላቲን ግን አለ፥ ፓይተንም ይለያቸዋል። ለሥዕል የሚያገለግለውም ሞጁል «ፒሎው» ተብሎ ተጭኖ፥ በኢምፖርት ጊዜ ግን በታላላቅ ፊደል «ፒል» ተብሎ ይጠራል።

ፊደሉ ደኅና ከሆነ ወይ አልተጫነም፥ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ፓይተን ኖሮ ለሌላው ተጭኗል። ስለዚህ ጽሑፉን በሚያሠራው በዚያው ፓይተን «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል» ብሎ የሞጁሉን ስም ማስከተል ይሻላል። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት፥ ተመሳሳይ ሲስተምና ተመሳሳይ የፓይተን እትም ባለው በሌላ ኮምፒዩተር «ፒፕ ዳውንሎድ» ብሎ ፋይሎቹን በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ራንደምና ማዝ ግን ከፓይተን ጋራ የመጡ ስለ ሆኑ መጫን አያሻቸውም፤ ትምህርቱም በእነዚህ ቢጀመር መልካም ነው።