ጥበብን መማር፣ ዘመንን መዋጀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእንጦጦ ተራራ ላይ የእመቤታችንና የቅዱስ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በዚያው ተራራ ከዋክብትን የሚመረምር ማእከል ቆሟል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ወደ ሕዋ ከተላከችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ለመቀበል ጣቢያ የተተከለውም በዚያ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ በየካ ኮረብታ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ከኮረብታው ሥር፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ሰፈሮች ደግሞ ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በሰንበት ት/ቤት ያደጉ ልጆቻችን ናቸው። ሙያቸው ዘወትር አዲስ ነገር እንዲማሩ ያስገድዳቸዋል፤ ትምህርቱን የሚያገኙትም በበይነ መረብ ነው። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ምእመን ዕለቱንና ጸሎቱን ሳያጣ ይህን ጥበብ እንዴት ይማር የሚለው ነው።

ሙያው ለምን የማያቋርጥ ትምህርት ይሻል?

የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት መሣሪያው እንዲፈጽመው በቅደም ተከተል የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ በየጊዜውም ይሻሻላሉ። ስለዚህ ባለሙያው በትናንት ዕውቀት ብቻ የዛሬን ሥራ መፈጸም አይችልም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የስሕተት መልእክት ነው። መልሱን ፍለጋ መመሪያዎችን ያነባል፣ የቪዲዮ ትምህርት ይከታተላል፣ በሌላ አገር ያሉ የሙያ አጋሮቹን ይጠይቃል፤ አሁን አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ያማክራል። በ2016 ዓ.ም በአገራችን ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን የሚሰጠውም በዚሁ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «በይነ መረብን ተወው» ብሎ መምከር «እንጀራህን ተወው» እንደ ማለት ይሆናል። የሚያስፈልገው የሚጓዝበት ሥርዓት ነው።

ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ ናት

የደብተራ ኦሪትን ንዋያት የሠራው ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራበትን ጥበብ የተቀበለው ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል (ዘጸ. 31፥1-6)። የእጅ ሙያ ከመንፈሳዊ ጸጋ ውጪ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ለዘመናችን ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዳንኤልና የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነው። እነዚህ ወጣቶች በባዕድ አገር የባዕድ ቋንቋና ትምህርት ሦስት ዓመት እንዲማሩ ታዘዙ። ትምህርቱን አልናቁም፤ በንጉሡ ማእድ መርከስን ግን አልተቀበሉም። እግዚአብሔርም በትምህርት ሁሉ ዕውቀትንና ማስተዋልን ሰጣቸው (ዳን. 1፥3-17)። ጾማቸው ትምህርታቸውን፣ ትምህርታቸውም ጾማቸውን አላሰናከለም።

ፈተናው የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ፈተና የጊዜ ነው። ባለሙያው ከምሽቱ 2 ሰዓት ለአንዲት ስሕተት መልስ ሊፈልግ ይቀመጣል። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው፣ ትምህርቱ ወደ ወሬ፣ ወሬውም ወደ ተራ መዝናኛ ይመራዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ሲነቃ ስሕተቷ እንዳለች ናት፤ የመኝታ ጸሎት አልፏል፤ ለነገው ኪዳንም አይነሣም። ማንም በግድ አልወሰደበትም፤ ሳያውቀው ሰጠ እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ የተፈቀደ ነገር እንኳ በእኛ ላይ እንዳይሠለጥን ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥12)።

ሁለተኛው ፈተና ያልተረዱትን መገልበጥ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ቅኔ ሲቆጥር ውሎ የራሱን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ለጊዜው ያልፍ ይሆናል፤ ባለ ቅኔ ግን አይሆንም። ፕሮግራም መማርም እንዲሁ ነው። ለዚህ ከራሳችን ቤት ጥሩ መለማመጃ አለ።

ባሕረ ሐሳብ እንደ መለማመጃ

አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ይህን ቀመር የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። የ2018 ዓ.ምን ስሌት እንመልከት።

5500 ዓመተ ፍዳ ከ2018 ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ቀን ይውላል፤ ዕለቱም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ይገባል። በመባጃ ሐመሩ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ተጨምሮ በ30 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሳይረዳ የገለበጠ ሰው ፕሮግራሙ ለ2018 ትክክል ስለሆነለት የጨረሰ ይመስለዋል። በ2019 ዓ.ም ግን መጥቅዑ 7 ነው። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 15 ይሆናል። «ከ14 ቢያንስ» የሚለውን ሁኔታ ያልጻፈ ፕሮግራም ነነዌን ጥር 10 ብሎ ያወጣል። የአንድ መስመር ቸልተኝነት የምእመናንን ጾም ከቦታው ያናውጣል። በባንክ ወይም በሆስፒታል ሥራም ጉዳቱ የሰው ገንዘብና ሕይወት ይሆናል። ስለዚህ ተረድቶ መሥራት የባልንጀራ ፍቅር ነው።

ለውሎ የሚጠቅም ሥርዓት

ኮምፒውተር ከመክፈት በፊት የነግህ ጸሎት ይቅደም። ወደ በይነ መረብ ሲገቡ የሚፈልጉትን አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ፣ ሲገኝም መውጣት ይገባል። በቀትርና በሠርክ ከወንበር ተነሥቶ መጸለይ ለአካልም ለአእምሮም ዕረፍት ነው። ጾም የዓይንና የጆሮም እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፣ በጾም ወራት ለመማሪያ የማያስፈልገውን ገጽ መዝጋት ተገቢ ነው። ለውጭ አገር ሠሪዎች በሌሊት የሚሠሩም የእሑድን ቅዳሴ እንዳያጡ ሰዓታቸውን ከንስሓ አባታቸው ጋር ይማከሩ። የተማሩትንም ለሰንበት ት/ቤት ታናናሾቻቸው ቢያካፍሉ መክሊታቸውን አተረፉ ማለት ነው (ማቴ. 25፥14-30)።

ዳንኤል በባቢሎን ታላቅ ሹም ሆኖ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6፥10)። እኛም ወደ ዓለም የሚያሳየውን መስኮት ከፍተን በምንውልበት ዘመን ወደ እግዚአብሔር የሚያሳየውን እንዳንዘጋ እንትጋ።

የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ተራዳኢነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።