ማማው ወይስ ምድጃው? ስለ ጨረር ፍርሃትና ስለ ሚዛኑ

ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጡ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ መማር ሲጀምሩ ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። «በመንደራችን አጠገብ የስልክ አንቴና ከቆመ ወዲህ እናቴን ራሷን ያማታል፤ ጨረሩ ይሆን?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚሳቅበት አይደለም፤ ጠያቂው የሚያስበው ስለ ፈተና ውጤት ሳይሆን ስለ እናቱ ጤና ነውና። በዚህ ጽሑፋችን ለጥያቄው ፊዚክስ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን፤ በዚያውም ዘመናዊ ቴክኖሎጂን መፍራት መቼ ተገቢ፣ መቼስ አሳሳች እንደሚሆን ለማሳየት እንሞክራለን።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የስልክ መስመር በአገራችን ሲዘረጋ፣ አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ መውጣቱ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ እንደነበሩ ሲተረክ ኖሯል። የማያዩትን ነገር መጠራጠር የሰው ልጅ ባሕርይ ነው።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመናዊው ሮንትገን የኤክስ ጨረርን ባገኘ ጊዜ ዓለም በደስታ ተቀበለው፤ የፈራው ጥቂት ነበር። የቶማስ ኤድሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ያለ ምንም መከላከያ እጁን ለጨረሩ እያጋለጠ ሲሠራ ቆይቶ፣ በደረሰበት ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የጫማ መደብሮች የደንበኛን እግር በኤክስ ጨረር የሚያሳዩ መሣሪያዎች ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ያለ ዕውቀት መፍራት እንደሚጎዳ ሁሉ ያለ ዕውቀት መድፈርም ይጎዳል። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሚዛን።

አንድ ቃል፣ ብዙ ነገር

ለግራ መጋባታችን አንዱ ምክንያት «ጨረር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የማለዳ ፀሐይ ብርሃንም፣ የአንቴናው ሞገድም፣ ሆስፒታል ውስጥ «ራጅ» የምንለውም በአማርኛ ሁሉም ጨረር ይባላሉ። በእርግጥም ሦስቱም ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገዶች ናቸው። ልዩነታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ሞገዱ ጉልበቱን የሚሰጠው ፎቶን በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች እየከፈለ ነው። የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር አብሮ ያድጋል። ኤሌክትሮን ቮልት በሚባለው መለኪያ ስናሰላ፣ የሞባይል ስልክ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ የሆነው የ900 ሜጋኸርዝ ፎቶን 0.0000037 ገደማ ይሆናል። የምናየው ብርሃን ፎቶን ከ2 እስከ 3 ያህል፣ የራጅ ፎቶን ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ከሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮንን ለመንቀል የሚያስፈልገው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የስልኩ ፎቶን ከዚህ በሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል ያንሳል።

«ፎቶኖቹ ብዙ ከሆኑስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በአንድ ዝላይ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ማለት የሚችል ሰው አራት ሜትር ከፍታ ያለውን አጥር ለመዝለል ይሞክር እንበል። ሚሊዮን ጊዜ ቢሞክርም አጥሩን አያልፍም፤ መሬቱን ግን በእርግጫው ያሞቀዋል። የስልክ ሞገድም እንዲሁ ነው፤ አቶምን ሰብሮ የዘር ቅንጣታችንን የመለወጥ አቅም የለውም፤ ብዛቱ ከመጠን ካለፈ ግን ሰውነትን ያሞቃል። ዓለም አቀፍ ወሰኖች የተቀመጡትም ይህን ሙቀት ለመከላከል ነው፤ ለ900 ሜጋኸርዝ በአንድ ካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው።

ከማማው ምን ያህል ይደርሰናል?

አንድ አንቴና በሚያነጣጥርበት አቅጣጫ የሚልከው ሞገድ፣ በሁሉም አቅጣጫ 1,000 ዋት ከሚበትን ምንጭ ጋር እኩል ነው እንበል። ሞገዱ እየራቀ በሄደ መጠን በሚሰፋ ሉል ላይ ስለሚዘረጋ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 0.008 ዋት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከወሰኑ ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። በ200 ሜትር ደግሞ 0.002 ይሆናል። በጠራ ቀን የእኩለ ቀን ፀሐይ በዚያው ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች።

በእርግጥ ከአንቴናው ፊት ለፊት በጥቂት ሜትር ርቀት መቆም የተለየ ነው፤ ማማው የሚታጠረውና ወደ ላይ መውጣት የሚከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጆሯችን ላይ የምናሳርፈው ስልክ ከሩቁ ማማ ይልቅ ለሰውነታችን ቅርብ ስለሆነ ይበልጥ ያደርሰናል። ስልኩም ኔትወርክ ሲደክምበት ወደ ማማው ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል። ስለዚህ በሸለቆ ውስጥ ያለ መንደር ማማው እንዲርቅለት ቢጠይቅ፣ ለስልክ ተጠቃሚው የሚደርሰው ሞገድ ሊጨምር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እነዚህን ሞገዶች «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ» በሚል መደብ አስቀምጧቸው ነበር፤ ምክንያቱም የነበረው ማስረጃ ውስን ስለነበር ነው። በዚሁ ድርጅት ጠያቂነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ግምገማ ግን በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ ይጠረጥራል፣ ይለካል፣ ያርማል።

ሕመሙ እውነት ነው

ታዲያ የእናትየው ራስ ምታት ውሸት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሞገድ ያመናል የሚሉ 725 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 31 ሙከራዎች መርምሯል። ሰዎቹ መሣሪያው መከፈቱንና መዘጋቱን ሳይነገራቸው በሞገዱ ፊት ሲቀመጡ፣ ሞገዱ ሲኖርና ሳይኖር ለይተው ማወቃቸውን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ሕመማቸው ግን እውነተኛ ነበር። መንስኤው ሌላ ነው፤ አንዳንዴም ፍርሃቱ ራሱ ነው።

የተሳሳተ ፍርሃት ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ዓይናችንን ከእውነተኛው አደጋ ላይ ያነሳብናል። በደጋው ብርድ በር ተዘግቶ ከሰል የሚነድበትን ክፍል እናስብ። በሚገባ ያልነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ሁኔታ ይጣበቃል። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታት ነው፤ መጨረሻው ግን ከእንቅልፍ አለመነሣት ሊሆን ይችላል። ማማውን የምንፈራ ሰዎች ምድጃውን የማንፈራው ስለለመድነው ብቻ ነው።

ፀሐይም እንዲሁ ናት። በየ1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ይህ ጨረር ቆዳን ይጎዳል፤ ለዓይን ሞራ ግርዶሽም ያጋልጣል። የአያቶቻችን ሰፊ ባርኔጣና ጥላ ጥሩ ፊዚክስ ነበሩ።

ራጅን በተመለከተ ጨረሩ አቶምን የመስበር አቅም ስላለው ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ለባለሙያው አስቀድማ መንገር አለባት። ነገር ግን አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው 0.1 ሚሊ ሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከአፈርና ከሕዋ በተፈጥሮ የሚደርሰን የዓለም አማካይ ደግሞ በዓመት 2.4 ነው። ራጁን ፈርቶ የሳንባ ነቀርሳው ሳይታወቅለት የሚቀር ሰው ትንሹን ሸሽቶ ወደ ትልቁ ገብቷል።

እንዴት እንመዝን?

አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበቃል። የሚወጣው ነገር ምን ዓይነት ነው? መጠኑ ስንት ነው? ለምን ያህል ጊዜና ከምን ያህል ርቀት? ከለመድነው አደጋ ጋር ሲነጻጸርስ? አንድ ማኅበረሰብ በደጁ ማማ ሲተከል ልኬቱን ለማየት መጠየቁ ኋላቀርነት አይደለም፤ መብቱ ነው። ሳይጠየቅና ሳይገለጽለት የመጣበትን ነገር ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ለተማሪያችንም መልሳችን ይህ ነው። እናትህን «ማማው አያምም፤ ዝም በይ» አትበላቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው፤ የደም ግፊታቸው ይለካ፤ ዓይናቸው ይታይ። ቤትም ስትደርስ መጀመሪያ የጭሱን መውጫ ተመልከት፤ ሌሊት ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶን ብታስረዳቸው ይሰሙሃል።