ላኬዝ፦ የፈንገስ ኢንዛይም እና የጉድጓድ ውኃ

ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚሻገረው ጫት በድንበሯ ከተማ ቶጎጫሌ ሲራገፍና ሲቃም ገራባ ይተርፋል። ቅጠሉን ፍየል ስለምትጨርሰው ቆሻሻ ብሎ መጥራቱ ይከብዳል፤ የጠነከረው እንጨት ግን ለእርሷም አይሆንም። ምክንያቱ ሊግኒን ነው፤ የእንጨትን ቃጫ አጣብቆ የሚይዝ፣ የእንስሳ ጨጓራ የማይፈታው ውሕድ። ይህን አሟጥጠው የሚያፈርሱት ነጭ አብስባሽ የሚባሉት ፈንገሶች ሲሆኑ ለምግብ የሚመረተው ኦይስተር እንጉዳይም ከነዚሁ ወገን ነው። ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ላኬዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1883 ጃፓናዊው ኬሚስት ሂኮሮኩሮ ዮሺዳ የደረሰበት ግን በፈንገስ ሳይሆን በላከር ዛፍ ፈሳሽ ውስጥ ነበር። ኢንዛይሙ አራት የመዳብ አቶሞች አሉት፤ አንዱ ከፌኖሎች ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ሦስቱ ለኦክስጅን አስረክበው ውኃ ያደርጉታል። ሌሎቹ ሊግኒን አፍራሽ ኢንዛይሞች ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲጠይቁ ላኬዝ አየር ይበቃዋል። የጂንስ ፋብሪካዎችም ኢንዲጎን ለማደብዘዝ ይጠቀሙበታል።

አመራረቱ ብዙ ምሥጢር የለውም። የጫቱን እንጨት አድርቆ መፍጨት፣ ከፉርሽካ ጋር አርጥቦ በእንፋሎት ማምከን፣ ፈንገሱን መዝራት፤ መዳብ ኢንዛይሙን የሚሠራውን ጂን ስለሚቀሰቅስ ጥቂት መዳብ ሰልፌት ጣል ማድረግም የተለመደ ነው፤ ከበዛ ግን ፈንገሱን ይመርዘዋል። ከዚያ ፈሳሹ ይጣራል፣ በአሞኒየም ሰልፌት ይዘቅጣል፣ ጨው ይወጣለታል፣ በአዮን መለዋወጫ ዓምድ ያልፋል። በጄል ላይ ሲታይ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ኪሎዳልተን ነው። ጉልበቱን ለመለካት ኤቢቲኤስ የተባለ ኬሚካል ይጨመርና ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲለወጥ በ420 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል፤ በደቂቃ 1 ማይክሮሞል የሚለውጥ መጠን 1 ዩኒት ነው።

ክርክሬ ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። ኤቢቲኤስ ኢንዛይሙን የሚያሞግሰው ከ3 እስከ 5 ባለው ፒኤች፣ ንጹሕ ባፈር ውስጥ ነው። ኢንዛይሙ ቀለም እንዲያነጣ የሚገባበት፣ በደረቅ አገር የሚቀዳ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔትና ክሎራይድ ይዞ ይወጣል። ፒኤች ሲጨምር ሃይድሮክሳይድ ከመዳቦቹ ጋር ይጣበቃል፤ ክሎራይድም ሥራቸውን ያውካል። «የሚመቸው ሙቀት 60 ዲግሪ» የሚለው ውጤትም በጥቂት ደቂቃ ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንዛይሙ በዚያው ሙቀት ከሁለት ሰዓት በኋላ በሕይወት መኖሩን አይነግረንም።

ላቦራቶሪዎች እርስ በርስ የሚነጻጸሩት በአንድ መለኪያ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የማጥራቱን ደረጃና ምርቱን ለመከታተል ኤቢቲኤስን አልነካም። የትኛው ፈንገስ ይመረጥ ለሚለው ግን አልቀበለውም። አሲድ ጨምሮ ፒኤቹን ማውረድስ? ባይካርቦኔት ብዙ አሲድ ይበላል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከመረጥን ደግሞ ክሎራይዱን ራሳችን ጨመርንበት። ሰልፈሪክ አሲድ ከዚህ ያድነናል፤ ወጪው ግን በሒሳቡ መግባት አለበት።

ቶጎጫሌ ማቅለሚያ ፋብሪካ የላት፣ ይህ ሁሉ ለምን የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ነገር ግን ጨው የድንበር ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር ቀለሙ ቃጫውን እንዲይዝ ወደ ገንዳው ብዙ ጨው ይገባል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ ሳይለቀቅ ታክሞ ተመልሶ እንዲሠራበት ሲታቀድ፣ የጨውን ጉዳይ ጎን ለጎን መፍታት ግድ ነበር። እንዲህ ባለ ፍሳሽ ውስጥ የሚቆም ላኬዝ የሚገኘው ክሎራይድን የሚችሉ ዝርያዎች ከመጀመሪያው ሲፈለጉ ነው። ስለዚህ በጫት እንጨት ላይ የበቀለውን ኢንዛይም ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ አንዱን በባፈር፣ ሌላውን ባልታከመ ጉድጓድ ውኃ፣ ከሚነጣው ከራሱ ቀለም ጋር ማቆየትና ጉልበቱ በግማሽ እስኪወርድ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መመዝገብ ከማጥሪያው ዓምድ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።